በላ ልበልሃ፦ የራግቢ ዳኞችን ለከሰሰው ጽሑፍ

ሰሞኑን ስለ ራግቢ ዳኞች በአማርኛ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ስለዚህ ስፖርት በአማርኛ የሚጽፍ ከእኔ ሌላ ሰው አለ ብዬ አላስብም ነበር። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ቡናዬን አስቀመጥኩ።

ጸሐፊው የአውሮፓን ክለቦች ራግቢ እያበላሹት ያሉት ዳኞች ናቸው ይላሉ። በ2002 የመንስተር ዋንጫ በዳኛ ተሰረቀ። ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ ሕዝብ እያየው ዝም ይባላል። የቪዲዮ ዳኛ ያለ ገደብ ሁሉንም ቢያይ ክርክሩ ያከትም ነበር። ዳኞቹ ክፉ ቃል የወጣውን ተጫዋች ያባርራሉ፣ በውሸት ደም ግን ይሸወዳሉ። ቀይ ካርድ ጨዋታውን ገደለው። ስክራም ላይ የሚነፋው ፊሽካ ደግሞ ሎተሪ ነው።

ድሮ ቢሆን ኩታዬን አጣፍቼ፣ ዘንጌን ይዤ «በላ ልበልሃ» እል ነበር። ዛሬ ያለኝ ኪቦርድ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ገለልተኛ እንዳልሆንኩ አስቀድሜ ልናገር። የምኖረው ለንደን ነው። ልጄ ከ14 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ ይጫወታል። በታችኛው እርከን የመስመር ዳኛ ከፌዴሬሽን አይላክም፤ እያንዳንዱ ክለብ ከራሱ ሰው ያቀርባል። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ እሑድ ጠዋት «ባንዲራ የሚይዝ አባት ጠፋ» ተባለ። ያዝኩ። እስከ ዛሬ የሚቀበለኝ አልተገኘም።

ከመንስተር ልጀምር፤ የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነውና።

ሜይ 25 ቀን 2002፣ ካርዲፍ፣ ሚሌኒየም ስታዲየም። የሃይነከን ካፕ ፍጻሜ ነው፤ ያኔ የአውሮፓ ክለቦች ትልቁ ዋንጫ። የእንግሊዙ ሌስተር 15፣ የአየርላንዱ መንስተር 9። (ይሄ ሌስተር በ2016 ፕሪሚየር ሊጉን የበላው የእግር ኳስ ቡድን አይደለም። ከተማው አንድ ነው፣ ክለቡ ግን ታይገርስ የሚባለው ነው።) ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ከሌስተር የጎል መስመር አምስት ሜትር ያህል ላይ ለመንስተር ስክራም ተሰጠ። ስክራም ማለት ከየቡድኑ ስምንት ስምንት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተቆላልፎ የሚገፋፋበት ነው። ኳሱን መሃል የሚያስገባው የመንስተሩ ፒተር ስትሪንገር ነበር፤ ከሜዳው ትንንሽ ሰዎች አንዱ። ትራይ ቢያገቡ፣ ማለትም ኳሱን ከዚያ መስመር አሳልፈው መሬት ቢያስነኩ፣ አምስት ነጥብ፤ ከዚያ የሚመታው ኳስ በጎሉ ሁለት እንጨቶች መሃል ካለፈ ሁለት። 16 ለ15 ይሆናል።

ስትሪንገር ጎንበስ ሲል የሌስተሩ ኒል ባክ እጁን ሰደድ አድርጎ ኳሱን ከእጁ መታበት። ኳሱ በሌስተር በኩል ገባ። አወጡት፣ አራቁት፣ ዋንጫውን አነሱ። ፈረንሳዊው ዳኛ ጆኤል ጁትጅ በስክራሙ ወዲያኛው ጎን ነበር። አላየም።

ጸሐፊው ይህን «የዳኛ ሌብነት» ይሉታል። ቆይ፣ እጁን የሰደደው ማነው? ስክራም ሁለት ጎን አለው፤ ዳኛ አንድ ሰውነት ነው ያለው። አንዱን ጎን ሲያይ ሌላውን ያጣል። 16 ሰው የሚያክል ግድግዳ አሳልፎ የሚያይ ዓይን ያለው ሰው ፊሽካ ይዞ ሜዳ አይውልም፣ ሌላ ሥራ ያገኝ ነበር። የመንስተር ደጋፊዎችም ይህን ያውቃሉ። ነገሩ በራግቢ ዓለም ሲጠራ የኖረው «የባክ እጅ» ተብሎ ነው። የጁትጅ ዓይን ያለው የለም።

ደግሞስ ምን ተሰረቀ? ስክራም ትራይ አይደለም። ገና መግፋት፣ ገና መስመሩን ማለፍ፣ ገና ያንን ኳስ በእንጨቶቹ መሃል መምታት ነበረባቸው። የተሰረቀው ዕድል ነው። ዕድል ትንሽ ነገር ነው አላልኩም፤ ዋንጫ ግን አይደለም። ጸሐፊው ዘለው ያለፉት ደግሞ የታሪኩን ጣፋጭ ክፍል ነው። በ2006 መንስተር እዚያው ስታዲየም ተመልሶ ቢያሪትዝን 23 ለ19 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዚያ ጨዋታ ከስክራሙ ጎን ሹልክ ብሎ ትራይ ያገባው ማን ይመስላችኋል? ስትሪንገር።

«የመስመር ዳኛውስ የት ነበር?» ብለው ቢጠይቁ ግን አፌን እይዝ ነበር። በሁለቱም ጎን የመስመር ዳኛ አለ። እሱን ጥያቄ ጸሐፊው አላነሱትም፤ እኔም ለወገኔ ብዬ አላሰፋውም።

ወደ ፊት ስለተወረወረው ኳስ እንነጋገር። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሕጉን አላነበቡትም ብዬ ለመናገር እደፍራለሁ።

በራግቢ ኳስ በእጅ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የሚታየው ኳሱ ያረፈበት ቦታ ሳይሆን የወርዋሪው እጅ የሄደበት አቅጣጫ መሆኑን ነው። ልዩነቱ ይህ ነው። ከመገናኛ ወደ ቦሌ የሚከንፍ ሚኒባስ አስቡ። ወያላው በበሩ ወጣ ብሎ አንድ ሎሚ ቀጥ አድርጎ ወደ ጎን ወረወረ። ሎሚው መንገድ ዳር ሲያርፍ፣ ከእጁ ከወጣበት ቦታ ብዙ ሜትር ወደ ፊት ሄዶ ነው። ወያላው ወደ ፊት ወረወረ? አልወረወረም። የሚኒባሱ ፍጥነት ከሎሚው ጋር አብሮ ሄደ።

ተጫዋቹም እንዲሁ ነው። በሰከንድ ሰባት ሜትር እየሮጠ ኳሱን ወደ ጎን ቢለቅ፣ ኳሱም አየር ላይ ግማሽ ሰከንድ ቢቆይ፣ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ወደ ፊት ሄዶ ነው የሚያዘው። ወርዋሪው ሩጫውን ቢቀጥል ችግር የለም፤ ራሱም ከኳሱ እኩል ስለሚደርስ ዓይን አይጎረብጠውም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ኳሱን እንደለቀቀ ተመትቶ ይወድቃል። እሱ እዚያው ቀረ፣ ኳሱ ሄደ። በዚህ ጊዜ ነው ስታዲየሙ በአንድ ድምፅ የሚጮኸው።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ባለፈው ፌብሩዋሪ አንድ እሑድ ነው። ብርዱ ጣት ይቆርጣል፣ ሜዳው ጭቃ ነው። የእኛ አንዱ ልጅ በመስመሩ በኩል እየበረረ መጣ። ልክ እኔ ትይዩ ሲደርስ ኳሱን ለቀቀና ወዲያው ተጣለ። እጆቹን አየኋቸው፤ በጭቃ የተለወሱ ሁለት መዳፎች ወደ ኋላ ዞረው ነበር። ጓደኛው ኳሱን የያዘው ወርዋሪው ከወደቀበት ሦስት ሜትር አልፎ ነው። ትራይ። ዳኛው፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ እጃቸውን አነሱ።

የተጋጣሚው ቡድን ወላጆች ቀወጡት። አንድ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ መስመሩን ይዞ እየተከተለኝ «ዕውር ነህ ወይ?» ይለኛል። የእኔ ሥራ ኳሱ ከመስመር መውጣቱንና የተመታው ኳስ በእንጨቶቹ መሃል ማለፉን ማየት ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። «ችግሩ እሱ ነው!» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከጨዋታው በኋላ ክለብ ቤቱ ውስጥ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን አሳየኝ። ሃያ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቆሞ ነው የቀረጸው። እውነቱን ነው፤ ኳሱ ወደ ፊት ሄዷል። እጆቹ ግን ወደ ኋላ ናቸው። ሁለታችንም ያየነውን ነው የተናገርነው። ሻይ ቀዳልኝ፤ አልተስማማንም።

ጸሐፊው በሙሉ ልብ ወደ ፊት የተወረወረ፣ ዳኛ ያመለጠው ኳስ የለም ብዬ እንድል እየጠበቁ ከሆነ አልልም። በ2007 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ፈረንሳይ ኒውዚላንድን 20 ለ18 ስትጥል ከመጨረሻው የፈረንሳይ ትራይ በፊት አንድ ነበር። የክለብ ጨዋታ ባይሆንም ስህተት ስህተት ነው። ዳኛው የ28 ዓመቱ ዌይን ባርንስ ነበር። ስሙን ያዙት፤ ሁለት ጊዜ ይመለሳል።

«ታዲያ ቪዲዮ ይየው!» ይላሉ ጸሐፊው። ገደብ ሳይኖር፣ ሁሉንም ነገር።

በየሳምንቱ ቫር እያየን ይህን መጻፋችን ይገርመኛል። ቫር ሲመጣ በየካፌው ያለው ጭቅጭቅ ቆመ እንዴ? የሚያጨቃጭቀን ነገር ተቀየረ እንጂ። ትናንት ዳኛው ነበር፣ ዛሬ መስመር የሚያሰምረው ሰውዬ ነው።

ራግቢም ከዚህ አላመለጠም። የ2014ን የእንግሊዝ ፕሪሚየርሺፕ ፍጻሜ እንውሰድ፤ ሳራሰንስና ኖርዝሃምፕተን፣ ትዊክንሃም። የሳራሰንሱ ኦወን ፋረል ያገባው ትራይ በቪዲዮ ተሰረዘ፣ ቀደም ብሎ ኳሱ ወደ ፊት ተወርውሯል ተብሎ። ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ኖርዝሃምፕተኖች መስመሩ ላይ ተከመሩ። አሌክስ ዋለር ከክምሩ ሥር ኳሱን ይዞ ተዘረጋ። መሬት ነካ? አልነካም? የቪዲዮ ዳኛው ደጋግሞ አየው። ትራይ ተባለ፤ ኖርዝሃምፕተን 24 ለ20 አሸነፈ። ቪዲዮ የነበረው አንድ ጨዋታ ላይ ሁለቱ ትልልቅ ክርክሮች ከቪዲዮው ራሱ የመጡ ናቸው። አንድ ኳስ ከአሥር ሰው ሥር ሲገባ ካሜራ ብታበዛ የምታየው ብዙ ጀርባ ነው።

ገደቡ ራሱስ? በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የኒውዚላንዱ አሮን ስሚዝ ትራይ አገባ። ተሰረዘ፤ ጥቂት ቅብብሎሽ ቀደም ብሎ ኳስ ከአንድ ጓደኛው እጅ ወደ ፊት አምልጧል ተብሎ። ኳሱ ማምለጡ እውነት ነው። ግን የቪዲዮ ዳኛው ለእንዲህ ያለ ጥፋት ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲያይ ይፈቀድለት ከነበረው ርቀት አልፎ ነው ያየው። ኒውዚላንድ 12 ለ11 ተሸነፈች። ክርክሩ «አየ ወይስ አላየም?» ከሚለው «ማየት ተፈቅዶለት ነበር ወይ?» ወደሚለው ዞረ። ጸሐፊው የሚመኙት ገደብ የለሽ ቪዲዮ ለአንድ ሌሊት ተፈጽሞ ነበር ማለት ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? ዳኛው ያው ባርንስ ነበር። እሱና ቤተሰቡ የግድያ ዛቻ ደረሳቸው። በቀናት ውስጥ ከዳኝነት ጡረታ መውጣቱን አሳወቀ። የቪዲዮ ዳኛው ቶም ፎሊም ከአገር አቀፍ ቡድኖች ጨዋታ ራሱን አገለለ።

ደግሞ ስሌቱን ተመልከቱ። አንድ ተጫዋች ተይዞ ሲወድቅ ኳሱ ላይ የሚፈጠረው ግፊያ ራክ ይባላል። በትልቅ ጨዋታ ከመቶ በላይ ራክ አለ። በእያንዳንዱ ራክ የያዘው ሰው መልቀቅ አለበት፣ የወደቀው ኳሱን መልቀቅ አለበት፣ የሚመጣው በኋላ በኩል መግባት አለበት፣ በእግሩ መቆም አለበት፣ የቀሩት ከኋለኛው እግር በስተኋላ መቆም አለባቸው። አጉሊ መነጽር ይዞ ለገባ ሰው ያለ ጥፋት የሚያልፍ ራክ የለም። ሁሉም ይነፋ ከተባለ ጠዋት የተጀመረው ጨዋታ ለእራት አይደርስም። ስለዚህ ጥሩ ዳኛ በልቡ የሚጠይቀው «ጥፋት አለ ወይ?» ብቻ አይደለም። «ይህ ጥፋት አንዱን ጎዳ ወይ?» ይላል። ካልጎዳ ያልፈዋል። ከሜዳው ውጭ ለቆመ ሰው ይህ አድልዎ ይመስላል። ለእኔ ግን ዳኝነት ከዓይን ይልቅ ምርጫ ነው፤ ከጸሐፊው ጋር በዋናነት የተለያየነውም እዚህ ላይ ነው። እሳቸው የተሻለ ዓይን ይፈልጋሉ። ምርጫን የሚተካ ካሜራ ግን የለም።

ወደ ምላስ እንምጣ። ሜይ 25 ቀን 2013፣ ሌላ የፕሪሚየርሺፕ ፍጻሜ፣ ሌስተርና ኖርዝሃምፕተን። ከእረፍት በፊት የኖርዝሃምፕተኑ አምበል ዲላን ሃርትሊ ቀይ ካርድ አየ። ምክንያቱ ዳኛውን ተሳድቦ «አጭበርባሪ» ብሏል የሚል ነው። ዳኛው? አዎ፣ ባርንስ። ሃርትሊ ቃሉ ለተጋጣሚው ተጫዋች ነበር አለ። አልተቀበሉትም፤ 11 ሳምንት ታገደ፣ ለላየንስ (የብሪታንያና የአየርላንድ ምርጥ ተጫዋቾች ጥምር ቡድን) የአውስትራሊያ ጉዞ ተመርጦ የነበረው ቀረ። ቡድኑ በ14 ሰው 37 ለ17 ተሸነፈ። ጸሐፊው «አንድ ቃል አንድ ፍጻሜ አበላሸ» ብለው ያዝናሉ።

እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያልን ያደግን ነን። በገና ሜዳ ሎሌው ጌታውን ቢሰድብ፣ በዱላ ቅልጥሙን ቢለው ቂም የለም። ራግቢ ግማሹን ወስዶ ግማሹን ገልብጦታል። ባለ 120 ኪሎ ሰው መጥቶ ቢደፋህ ተነስተህ ጨብጠኸው ትሄዳለህ። ዳኛውን ግን የሚያናግረው አምበሉ ነው፣ እሱም በጨዋ ቋንቋ። ተጨማሪ ቃል ከተናገርክ የቅጣት ምቱ ቦታ አሥር ሜትር ወደ አንተ መስመር ይጠጋል። በ2012 የጣሊያኑ ክለብ የትሬቪዞ ተጫዋች ቶቢያስ ቦተስ ከመንስተር ጋር ሲጫወቱ በውሳኔ ሲከራከር፣ ዳኛው ናይጅል ኦወንስ ጠርቶ እዚህ ዳኛው እኔ ነኝ፣ ይህ እግር ኳስ አይደለም አለው። ዳኛው ማይክሮፎን ስለሚያደርግ ንግግሩን ዓለም ሰማው። «ውሳኔያቸውን አያስረዱም» ለሚለው የጸሐፊው ወቀሳም መልሴ ይኸው ማይክሮፎን ነው። ስታዲየም የገባ ሰው በጆሮው የሚያደርጋት ትንሽ መስሚያ ገዝቶ ዳኛው የሚለውን ቃል በቃል መስማት ይችላል። በእግር ኳስ ይህን አይቻለሁ የሚል ካለ ይንገረኝ።

ደንቡ ለትልልቆቹ አይሠራም እንዳይባል፣ በ2023 የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ የፈረንሳዩ ላ ሮሼል የአየርላንዱን ሌንስተር ደብሊን ላይ 27 ለ26 ሲረታ፣ ጉዳት ላይ የነበረው የሌንስተሩ ተጫዋችና የአየርላንድ ብሔራዊ ቡድን አምበል ጆኒ ሴክስተን ሳይጫወት ሜዳ ገብቶ ዳኞቹን ተናገራቸው። ሦስት ጨዋታ ታገደ። ለእኔ ቀሏል። የታገደባቸው ጨዋታዎች የዓለም ዋንጫ ማሟሟቂያዎች ነበሩ።

የውሸት ደሙን በአጭሩ። ኤፕሪል 2009፣ የእንግሊዙ ክለብ የሃርለኲንስ ተጫዋች ቶም ዊሊያምስ አፉ ውስጥ የውሸት ደም እንክብል ነክሶ «ቆሰልኩ» ብሎ ወጣ፣ ቀደም ሲል ተቀይሮ የወጣ ጓደኛው በእሱ ቦታ እንዲመለስ። ሌንስተር ግን 6 ለ5 አሸነፈ። ዳኛው ኦወንስ ነበር፤ ሐኪም አይደለም። ደም የሚፈሰው ሰው ሜዳ ላይ አስቁሞ «ቅመስልኝ» ይበል? ኋላ የሃርለኲንስ የራግቢ ዳይሬክተር ዲን ሪቻርድስ ሦስት ዓመት ታገደ፣ ክለቡም ከባድ ቅጣት ተቀጣ። በነገራችን ላይ ሪቻርድስ የቀድሞ ፖሊስ ነው። በዚያ በ2002 ፍጻሜ የሌስተር አለቃም እሱ ነበር። ጸሐፊው ሁለቱንም ታሪኮች አንስተው ይህን ሰው አለመጥቀሳቸው ያስገርማል፤ በሁለቱም ላይ የተወቀሰው ፊሽካ የያዘው ሰው ነው።

ስለ ቀይ ካርድ ብዙ አልከራከርም። በ2003 ከእንግሊዝ ጋር የዓለም ዋንጫን ያነሳው፣ ለዓመታት ለኖርዝሃምፕተን የተጫወተው ስቲቭ ቶምሰን በ2020 ያለ ዕድሜው የመርሳት በሽታ እንደያዘው ተናገረ። ያንን ፍጻሜ መጫወቱን አያስታውስም። ትከሻ ጭንቅላት ሲመታ ካርድ የሚወጣው ለዚህ ነው። ከ2023 ጀምሮ በእንግሊዝ በእኛ ዓይነት ክለቦች ከደረት አጥንት ታች ካልሆነ ሰው ይዞ መጣል አይፈቀድም። መጀመሪያው ወር ፊሽካው አላቆም ብሎ ሁላችንም ተማርረን ነበር። ልጄ ግን አሁን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ጨዋታ ይሙት ከተባለ ይሙት፤ የልጄ ጭንቅላት ይቅደም።

የቀረው ስክራም ነው። ጸሐፊው ሎተሪ ነው ይላሉ።

እዚህ ጋ መልስ የለኝም። ስክራም ሲፈርስ አንድ ሰው ጥፋተኛ ይባላል። የፊት መስመሩ ሰው ክንዱን ጎትቶ ነው? ጉልበቱ ከዳው? ሌላው ገፍቶት ነው? ሣሩ ተገሽልጦ ነው? ትልልቆቹ ዳኞች ሳይቀሩ አንዳንዴ የሚነፉት በደከመው ቡድን ላይ ይመስለኛል። በአንድ ፊሽካ ሦስት ነጥብ ይሄዳል፣ ፍጻሜም ይሄዳል።

ባለፈው እሑድ ከእኔ አሥር ሜትር ላይ አንድ ስክራም ፈረሰ። 16 ልጆች ጭቃ ላይ ተከመሩ፣ እንፋሎት ከላያቸው ይወጣል። ከፊት የነበሩት ሁለቱ ቀና ብለው፣ አንዱ ሌላውን በጣቱ እያሳየ «እሱ ነው!» አሉ። መምህሩ ዳኛ ፊሽካውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ባንዲራዬ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ መጥረግ ጀመርኩ።